ሰውን የሚያጥብ መኪናና የነጋዴ ማስተዋል

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለው የአባቶች ምሳሌ የዘመኑን የፈጠራ ሰዎች ያቆማቸው አይመስልም። ሰው እየሄደ እንዲነጋገር፣ እየበላ እንዲያነብ፣ ተኝቶ ሳለም ትምህርት እንዲሰማ ለማድረግ ያልተሞከረ ነገር የለም። ከነዚህም ሙከራዎች መካከል ሳቅንም አድናቆትንም ያተረፈው፣ ሰው እጁን ሳያነሣ፣ እንደ ተቀመጠና ሌላ ነገር እያየ ገላውን የሚታጠብበት መኪና ነው። የዚህ መኪና ታሪክ ለጨዋታ ያህል የሚወራ ቢመስልም፣ ዕቃ ከባሕር ማዶ ለሚያስመጣም ሆነ በመደርደሪያ ደርድሮ ለሚሸጥ ነጋዴ ብዙ ትምህርት ይዟል።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. ከማርች 15 እስከ ሴፕቴምበር 13 ድረስ በጃፓን አገር በኦሳካ ከተማ የዓለም ኤግዚቢሽን ተደርጎ ነበር። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ትርዒቱን ያየው ሕዝብ ከ64 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተቆጥሯል። በዚያም ሳንዮ የተባለው የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ሠሪ ኩባንያ ቁመቱ ሁለት ሜትር ያህል የሆነ፣ ቅርጹ እንቁላል የሚመስል መታጠቢያ ለሕዝብ አሳየ። ታጣቢው ከውስጡ ገብቶ ይቀመጣል፤ ራሱ ብቻ ከላይ ብቅ ይላል። መኪናው በመጀመሪያ ሙቅ ውኃ ይረጭበታል፤ ቀጥሎም ጆሮ የማይሰማው የድምፅ ሞገድ በውኃው ውስጥ አረፋ እያስነሣ እድፉን ያስለቅቃል፤ ትናንሽ ኳሶችም ገላውን ያሹታል፤ ከዚያ በኋላ ያለቀልቀውና በሞቀ አየር ያደርቀዋል። ይህ ሁሉ በ15 ደቂቃ ይፈጸማል። ተመልካቹም እጅግ ተደነቀ። ይሁን እንጂ መኪናው በየቤቱ የሚገባ ሸቀጥ ሳይሆን ቀረ።

ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ጤነኛ ሰው ሳሙናና ሙቅ ውኃ ካገኘ ገላውን ለመታጠብ 15 ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም። ስለዚህ መኪናው ያተረፈለት ጊዜ የለም። ከዚህም በላይ ጃፓናውያን በመጀመሪያ ከገንዳው ውጪ ታጥበው ከጠሩ በኋላ፣ ጥልቅ በሆነ ሙቅ ውኃ ውስጥ ተነክረው ማረፍን ከቀኑ ደስታዎች አንዱ አድርገው የሚቈጥሩ ሕዝብ ናቸው። መኪናው ሊያቃልልላቸው የመጣው የሚወዱትን ነገር ነበር። ሰው ከሚወደው ነገር ለመገላገል ገንዘብ አይከፍልም።

ይኸው ኩባንያ ከዚያ 17 ዓመት ቀደም ብሎ በ1953 ያደረገውን ማስታወስ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። በዚያ ዓመት ሳንዮ የልብስ ማጠቢያ መኪና አውጥቶ በ28,500 የን፣ ይኸውም በጊዜው ከነበሩት መኪናዎች እጅግ ባነሰ ዋጋ ለገበያ አቀረበ። ልብስ ማጠብ ወገብ የሚቈርጥ፣ በብርድ ወራት እጅ የሚያደነዝዝ፣ የሴቶችን ቀን የሚበላ ሥራ ነበርና ሸቀጡ ገዢውን ለማግኘት አልተቸገረም። በሁለቱም መኪናዎች ውስጥ ያለው ውኃና የኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ የሠራቸውም አንድ ኩባንያ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው መኪና የሰውን ድካም አቃለለ፤ ሁለተኛው አስደነቀ ብቻ።

የታሪኩ ትልቁ ቁም ነገር ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳንዮ አሳቡን እንደገና አንሥቶ ለአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች የሚሆን መታጠቢያ ሠራ። አረጋዊው በወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ ወደ መኪናው ይገባል፤ ጎንና ጎኑ ይዘጋል፤ ራሱ ከውጭ ሆኖ ሳሙናውና ውኃው ገላውን ያጥበዋል። በራሱ ኃይል ገንዳ ውስጥ ገብቶ መውጣት ለማይችል ሽማግሌ፣ የሌላ ሰው እጅ ሳይነካው መታጠብ ቀላል ነገር አይደለም። ራቁቱን በሰው ክንድ ተደግፎ ከመታየት ያድነዋል፤ አስታማሚውንም ከባድ ሸክም ከማንሣት ያሳርፋታል። በ2024 በጃፓን ከ100 ሰዎች 29 ያህሉ 65 ዓመት የሞላቸው ወይም ያለፋቸው መሆናቸው ሲታሰብ፣ ይህ ችግር የጥቂት ቤቶች ብቻ አለመሆኑ ይታወቃል። እንግዲህ በ1970 ለሥራ ፈት መጫወቻ የመሰለው ነገር፣ የተሠራለት ሰው ሲለወጥ ቁም ነገር ያለው ዕቃ ሆነ።

ሳንዮ በ2011 ሙሉ በሙሉ በፓናሶኒክ እጅ ገባ። አሳቡ ግን አልሞተም። በ1970 በልጅነቱ መኪናውን አይቶ የተደነቀ አንድ ሰው አድጎ፣ በኦሳካ የሻወር ዕቃዎች የሚሠራ ሳይንስ የተባለ ኩባንያ መሪ ሆነ። ኩባንያውም በ2025 በዚያው ከተማ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን አዲሱን ሰው ማጠቢያ አቀረበ። ይኸኛው በደቃቅ አረፋ ያጥባል፤ የታጣቢውንም የልብ ትርታ እየለካ መንፈሱን የሚያሳርፍ ሥዕል ያሳየዋል። በዓመቱ መጨረሻም ለሽያጭ መቅረቡ ተነገረ፤ ጋዜጦች ዋጋው 60 ሚሊዮን የን እንደ ሆነ፣ ሊሠራ የታሰበውም 50 ያህል ብቻ እንደ ሆነ፣ ከቀዳሚዎቹም ገዢዎች አንዱ በኦሳካ የሚገኝ ሆቴል እንደ ሆነ ጻፉ። ሆቴሉ የገዛው እንግዳ የሚስብለትን ትርዒት ነውና ሒሳቡ ሊቃናለት ይችላል። ባለሱቅ ግን በሆቴል ሒሳብ መነገድ አይችልም።

በዚህ ላይ አንዳንድ ሰዎች የሚያነሡት ተቃውሞ አለ። «ነጋዴ ሁልጊዜ የታወቀ ፍላጎትን ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ አዲስ ነገር ከወዴት ይመጣል? ራዲዮንስ ከመምጣቱ በፊት የጠየቀ ማን ነበር?» ይላሉ። ነገሩ እውነትነት አለው። ሆኖም ራዲዮን በስሙ የጠየቀ ባይኖርም፣ የሩቁን ወሬ በጊዜው ለመስማት ያልናፈቀ ሰው አልነበረም። አዲስ ዕቃ ገበያ የሚያገኘው ስም ያልወጣለትን ችግር ሲያቃልል ነው። አስተዋይ ነጋዴም የሚለየው ያንን ችግር ከሌሎች ቀድሞ በማየቱ ነው።

ስለዚህ አስመጪ በትርዒት ቤት ወይም በሥዕላዊ መጽሔት አንድ ድንቅ መኪና ባየ ጊዜ፣ የውጭ ምንዛሪውን ከማሰሩ በፊት ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል። ይህ ዕቃ የማንን ድካም ያቃልላል? ያ ሰው ዋጋውን መክፈል ይችላል ወይስ የሚከፍልለት አለ? ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ መብራትም በሚቋረጥበት ሰፈር ይሠራ ይሆን? ሲበላሽ የሚጠግነው ባለሙያና የሚተካው መለዋወጫ ከወዴት ይገኛል? እነዚህን ጥያቄዎች ሳይመልስ የሚያዝ ሰው፣ ጎብኚ እንጂ ገዢ የማይጠይቀው ዕቃ በመጋዘኑ ተኝቶ አቧራ ሲለብስ ያያል። ለወጪ ንግድ የሚያመርተውም ቢሆን ከዚህ ሕግ አያመልጥም፤ እርሱም ዕቃውን ከማሳመሩ በፊት በባሕር ማዶ ያለውን ገዢ ድካም ማጥናት ይኖርበታል።

እንቁላል የመሰለው መታጠቢያ ሊሳቅበት አይገባም። ሠሪዎቹ የተሳሳቱት በጥበቡ አይደለም፤ በመጀመሪያ ያቀረቡት እጁም እግሩም ለማይቸግረው ሰው መሆኑ ነው። ደንበኛው ግን በሌላ ስፍራ፣ በመጦሪያ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ገላውን የሚያጥብለትን ሰው ተራ ይጠብቅ ነበር። ንግድ ማለት ይህን ሰው ፈልጎ ማግኘት ነው።