ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና ስለ መለወጥ

በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ የሚሠራ መኪና በአንድ ቀን ሁለት ዐይነት መንገድ ይፈራረቅበታል። ከጎንደር በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ ደባርቅ የሚደርሰው መንገድ አስፋልት ነው፤ ከዚያ ወጥቶ ወደ ጃናሞራና ወደ በየዳ ዘርና ማዳበሪያ ለሚያደርስ ግን የክረምት ጭቃና ቁልቁለት ይጠብቀዋል። ስለዚህ የፊት ጎማው በዘንግ ሲጨመር ብቻ የሚጎትተውን መኪና፥ አራቱም ጎማ ዘወትር እንዲጎትት አድርጎ ማስለወጥ ይሻላል የሚል አሳብ ቢነሣ አያስደንቅም። ነገር ግን ገንዘብ ከመውጣቱ አስቀድሞ ነገሩን መመርመር ይገባል።

መኪና በሚጠመዘዝበት ጊዜ የፊት ጎማ ከኋላው ይልቅ ረዥም መንገድ ይሄዳል። ዘንጉ ተጨምሮ የፊቱና የኋላው ሲተሳሰሩ ግን ሁለቱም እኩል እንዲዞሩ ይገደዳሉ። በጭቃ ላይ መሬቱ ስለሚያሸራትት ጉዳት የለውም፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ግን ጎማው ይበላል፥ መሪው ይከብዳል፥ ጥርሱም ይሰበራል። እንግዲህ ብዙውን ጊዜ መኪናውን የሚያጠፋው ሥሪቱ ሳይኾን፥ ከጭቃ ወጥቶ ዘንጉን ያልመለሰ ሾፌር ነው።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1970 ዓ.ም. የወጣው ሬንጅ ሮቨር፥ በ1983 ዓ.ም. የወጣውም ላንድ ሮቨር 110 በመካከል ሦስተኛ ዲፈረንሻል ስላላቸው ይህን ችግር አስወግደዋል። ኾኖም ሦስተኛው ዲፈረንሻል ኀይልን ወደ ቀለለው ወገን ይሰዳል፤ አንድ ጎማ በጭቃ ላይ በከንቱ ቢዞር መኪናው ይቆማል። ስለዚህ መቆለፊያ ያስፈልገዋል። መቆለፊያውንም በጊዜው ማሰርና መፍታት የሾፌሩ ሥራ ነውና፥ መኪናውን ማስለወጥ ሾፌሩን ከማስተማር አያድንም።

ከዚህም በላይ የፊቱ ክፍል ዘወትር ስለሚሠራ ቶሎ ያልቃል፥ ነዳጁም ይጨምራል። በአገሩ መለዋወጫ የማይገኝለት ሥሪት በሰኔ ቢሰበር፥ ዘሩ በመጋዘን ሲቀር የዝናቡ ወራት ያልፋል። ጉዳቱም በገበሬው ላይ ይደርሳል።

ስለዚህ ሹማምንት በመጀመሪያ ሾፌሩን ያስተምሩ፤ ከግንቦት በፊት ጎማውንና የፊት ጎማ እምብርት መቆለፊያውን ያስመርምሩ። መለወጥ የሚገባው አስፋልትና ኮረት ዘወትር የሚፈራረቅበት መኪና ሲኾን፥ መቆለፊያ ያለው የዚያው ፋብሪካ ዕቃ ሲገኝና የሠለጠነ መካኒክ ሲሠራው ብቻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ትንሽ ጥንቃቄ ከብዙ ወጪ ይሻላል።