ገንዘብ አላነሰንም፤ ያነሰን መዝገብ ነው

ቲክቶክ የምታዩ ሁሉ ይህን ዓይነት ቪዲዮ ታውቁታላችሁ። ወጣቶች ማታ ወጥተው ጎዳና ለሚያድሩ ሰዎች ዳቦና ብርድ ልብስ ያድላሉ፣ ከኋላ ዋሽንት ይሰማል፣ ኮመንቱ ደግሞ «ፈጣሪ ይስጣችሁ»፣ «አካውንት አስቀምጡ» በሚሉ ይሞላል። ሰጪዎቹን አላማም፤ እንዲያውም አከብራቸዋለሁ። ግን ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ክፉ አመል አለበት፣ ውጤቱን ይጠይቃል። ብርድ ልብሱን የተቀበለው ልጅ ከስድስት ወር በኋላ የት ነው ያለው? የሚያውቅ የለም። የእኔ ጭንቀት ይሄ ነው።

ይህን ጥያቄ ከብዙዎች በተሻለ የመለሰች ከተማ አለች፤ በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት የምትገኘው ሂውስተን። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገ የአንድ ሌሊት ቆጠራ በከተማዋና በዙሪያዋ ከ8 ሺህ በላይ ቤት አልባ ሰዎች ተገኝተው ነበር። በ2024 ቆጠራ ቁጥሩ ወደ 3,300 ገደማ ወርዷል። ከ60 በመቶ በላይ ቅናሽ ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ አስር ዓመታት ብቻ ከ25 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት ገብተዋል፤ አብዛኞቹም ከሁለት ዓመት በኋላ ከገቡበት ቤት አልወጡም።

እንዴት ሆነ? ልብ በሉ፣ ሂውስተን ከዚያ በፊትም ደግ ሰው አልጠፋባትም። ቤተ ክርስቲያኑም፣ መጠለያውም፣ በጎ አድራጊውም ይረዳ ነበር። ችግሩ ሁሉም የየራሱ ፎርም፣ የየራሱ መስፈርትና የየራሱ ዝርዝር ነበረው። ጎዳና የወደቀ የቀድሞ ወታደር ቤት እስኪያገኝ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲንከራተት ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጅበት ነበር። በኋላ ግን ይህ ጊዜ ወደ አንድ ወር ገደማ ወረደ።

በወቅቱ የከተማዋ ከንቲባ አኒስ ፓርከር ነበሩ። ከተማው፣ ካውንቲው፣ የቤቶች ባለሥልጣኑና ከ100 በላይ ድርጅቶች «ዘ ዌይ ሆም» በሚል ጥላ ሥር ተሰባሰቡ። የሠሩትም በአጭሩ ይህን ይመስላል።

አንደኛ፣ የጋራ መዝገብ አዘጋጁ። ማን ነው? ጎዳና ላይ ስንት ጊዜ ቆየ? ታሟል? መረጃው አንድ ቦታ ይገባል፣ ይበልጥ የተጎዳው ቅድሚያ ያገኛል። ሁለተኛ፣ «መጀመሪያ መጠጡን ተው፣ መጀመሪያ ሥራ ያዝ» የሚለውን ቅድመ ሁኔታ አስቀሩ። መጀመሪያ ቁልፍ ይሰጠዋል፤ ሕክምናውና ምክሩ ቤት ከገባ በኋላ ይከተላል። የትም ተኝቶ የሚያድር ሰው ሱስ እንዲተው መጠበቅ ከባድ ነውና። ሦስተኛ፣ አዲስ ሕንጻ እስኪሠራ አልጠበቁም። የግል አከራዮችን እያግባቡ፣ ኪራዩ እንደሚከፈል እያረጋገጡ የተገኘውን አፓርታማ ያዙ። አራተኛ፣ በድልድይ ሥር የተተከሉ ድንኳኖችን ሲያነሱ መጀመሪያ ለነዋሪዎቹ የሚገቡበት ቤት ያዘጋጃሉ፤ ቦታው የሚዘጋው ከዚያ በኋላ ነው። ሰውን ከዓይን ማራቅ አንድ ነገር ነው፣ ቤት ማስገባት ደግሞ ሌላ።

ፓርከር ሥልጣን ሲለቁ ተተኪያቸው ሲልቬስተር ተርነር ሥራውን ቀጠሉበት። ከንቲባ ሲቀየር ፕሮጀክት የማይሞትበት አገር ያስቀናል።

ገነት ናት እያልኩ አይደለም። ዛሬም ጎዳና የሚያድር አለ፣ በኮሮና ጊዜ የመጣው የፌዴራል ገንዘብም ለዘላለም የሚቆይ አልነበረም። ሂውስተን ከሌሎች ትልልቅ የአሜሪካ ከተሞች አንጻር የቤት ኪራይ ረከስ የሚልባት መሆኗም ረድቷታል። ቤት በሌለበት ገበያ ቁልፍ ማደል አይቻልም።

«እና ይሄ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ትሉኛላችሁ። ትክክል ናችሁ። የ1997 እና የ2005 የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ለዓመታት ዕጣ ሲጠብቅ በኖረበት ከተማ ለእያንዳንዱ ጎዳና ተዳዳሪ አፓርታማ እንስጥ ብል ትስቁብኛላችሁ። ግን ሂውስተን ከሠራቻቸው ነገሮች በጣም ርካሹ የጋራው መዝገብ ነው። እሱን ለመሥራት ደግሞ ሀብታም መሆን አያስፈልግም።

አዲስ አበባን ተመልከቱ። መቄዶንያ አለ። የከተማው የምገባ ማዕከላት አሉ። ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ የሰፈር የበጎ አድራጎት ማኅበሩ፣ የቴሌግራም ግሩፑ ሳይቀር አለ። ገንዘብም ደግነትም አለ። ቅንጅት ግን የለም። ለፋሲካ ሦስት ቡድን ተሻምቶ ያበላት እናት፣ ከበዓሉ በኋላ ባለው ማክሰኞ ዞር ብሎ የሚያያት ታጣለች። ይሄ የክፋት ውጤት አይደለም፤ አንዱ ሌላው የሚሠራውን ስለማያውቅ የሚመጣ ብክነት ነው።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ትንሽ ነው። በአንድ ወረዳ እንጀምር። እዚያ የሚሠሩ ማኅበራትና የወረዳው ማኅበራዊ ጉዳይ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ፣ በፈቃዳቸው የተመዘገቡ ሰዎችን በስም ይወቁ። ወደ ቤተሰቡ ለመመለስ የሚፈልገው ማን ነው? የቤት ኪራይ ጨምሮባት ትናንት የወጣችው ማን ናት? ሐኪም የሚያስፈልገውስ? የተለያየ ችግር የተለያየ መልስ ይፈልጋል፤ ዳቦ ለሁሉም መልስ ሊሆን አይችልም። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ይታሰርበት፦ መዝገቡ ሰው ለማፈስ መዋል የለበትም። አንድ ቀን ለአፈሳ ከዋለ በማግስቱ ስሙን የሚነግረን አይኖርም፣ መተማመኑም ያኔ ያበቃል።

እኛ ወጣቶችስ? በቴሌብር ከመላካችን በፊት «ከስድስት ወር በፊት የረዳችኋቸው ሰዎች አሁን እንዴት ናቸው?» ብለን እንጠይቅ። መልስ ላለው ቡድን ደጋግመን እንስጥ። መልስ የሌለው ደግሞ መልስ ማዘጋጀት ይጀምራል፤ ገንዘባችን ያን ያህል ጉልበት አለው።

ደግሞ ይሄ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። እድርን እዩት። እድር በሀብት አይደለም የቆመው፣ በመዝገቡ ነው። ማን አባል እንደሆነ፣ ማን እንደታመመ፣ የማን ቤት ሐዘን እንደገባ ያውቃል፤ ማንም ሳይረሳ ተራው ይደርሳል። ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል መዝገብ የያዝን ሕዝብ፣ በሕይወት ላለው ሰው ጣሪያ ለመፈለግ መዝገብ መያዝ አያቅተንም።