ሞተሩ ከመታደሱ በፊት ጥርሱ ይቆጠር

ከእጃጂ ወደ ገጠር በሚወጣ ዳገት ሁለት ሰው የጫነ ሞተር ብስክሌት ሲያቃስት «ሞተሩ ደክሟል፤ ይታደስ» ይባላል። ለዕለት እንጀራው ለሚሮጥ ወጣት ይህ ከባድ ወጪ ነው። እኔ ግን አስቀድሞ ካቴናው የሚዞርባቸው ሁለት መንኮራኩሮች ጥርስ ይቆጠር እላለሁ።

የፊተኛው 15፣ የኋለኛው 45 ጥርስ ቢኖረው ውድሩ 3 ነው። ፊተኛውን በባለ 14 ብንተካው 3.21 ይሆናል፤ የመግፋት ኃይሉ በ7 በመቶ ገደማ ሲጨምር ፍጥነቱ በዚያው ልክ ገደማ ይቀንሳል። ከኋላ ለተቀራራቢ ውጤት 3 ጥርስ መጨመር ያሻል። የሞተሩ አቅም ግን ያው ነው (ብስክሌት የነዳ ሁሉ ይህን በእግሩ ያውቀዋል)። ትንሹ መንኮራኩር ካቴናውን አብዝቶ ስለሚያጥፈው ቶሎ ያስበላዋል።

ጎማው በክረምት ጭቃ የሚንሸራተት ከሆነ ወሳኙ ሰበቃ ነውና ጥርስ መለወጥ አይረዳም። ውሎው ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው አስፋልት ላይ ለሆነም 15ቱ ይበጀዋል።