«አልፎብኛል» ለምትሉ፦ የስኑከር ሻምፒዮኖችን እዩ

እዚህ ለንደን ታክሲ ተራ ላይ ደንበኛ ስንጠብቅ በየቀኑ የምሰማት አንዲት ቃል አለች፦ «አልፎብኛል»። 40 የሞላው ሁሉ ይላታል። ትምህርት ጀምር ስትለው አልፎብኛል፤ ሙያ ቀይር ስትለው አልፎብኛል። ዛሬ ለዚህች ቃል መልስ ያመጣሁት ከስኑከር የዓለም ሻምፒዮና ነው። አገር ቤት ካራምቡላ ቤት የሚውል ልጅ ዱርዬ ይባል ስለነበር «ደግሞ የሥራ ፈት ጨዋታ!» የምትሉኝ አትጠፉም። እስቲ ታገሱኝ።

ውድድሩ የተጀመረው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1927 እንግሊዝ ውስጥ ነው። ጆ ዴቪስ የመጀመሪያውን ዋንጫ ሲወስድ የደረሰው ገንዘብ 6 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ ነበር። እስከ 1946 ድረስ 15 ጊዜ አሸንፎ፣ በዚህ ውድድር አንድም ቀን ሳይሸነፍ ተሰናበተ።

እኔን የሚገርሙኝ ግን ከእሱ በኋላ የመጡት ናቸው። ሬይ ሪርደን ዌልስ ተወልዶ በ14 ዓመቱ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ገባ። አንድ ቀን ድንጋይ ተንዶበት ለሰዓታት ተቀብሮ ተረፈ። ከዚያ ፖሊስ ሆነ። ፕሮፌሽናል ተጫዋች የሆነው በ1967 ነው፤ ዕድሜው 35። በ1970 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ስድስተኛውን ዋንጫ በ1978 ሲያነሳ 45 ዓመቱ ነበር።

ቴሪ ግሪፊትስም ፖስታ ሲያድል፣ አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆርጥ፣ ኢንሹራንስ ሲሸጥ የኖረ የዌልስ ሰው ነው። በ1979፣ ፕሮፌሽናል ከሆነ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ ከማጣሪያ ተነስቶ ሼፊልድ ክሩሲብል ቲያትር ላይ ዋንጫውን ወሰደ።

በዚያ ፍጻሜ የተሸነፈው ዴኒስ ቴይለር ስድስት ዓመት ጠብቆ በ1985 እንደገና ለፍጻሜ ደረሰ። በስቲቭ ዴቪስ 8 ለ 0 ተመራ። ቆይቶም 17 ለ 15 ተመራ። 17 እኩል ሆኑና እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ የመጨረሻዋን ጥቁር ኳስ አስገብቶ 18 ለ 17 አሸነፈ። በሁለት ቀን ጨዋታ አንድም ጊዜ መርቶ አያውቅም ነበር! ብሪታንያ ውስጥ 18.5 ሚሊዮን ሰው እንቅልፉን ትቶ አይቶታል።

«ታዲያ የታገለ ሁሉ ያሸንፋል?» ካላችሁኝ፣ አያሸንፍም። ጂሚ ኋይት ስድስት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ ስድስቱንም ተሸንፏል። በ1994 በስቲቨን ሄንድሪ 18 ለ 17 የተረታው በልደቱ ቀን ነው። ሄንድሪ በ21 ዓመቱ ሻምፒዮን ሆኖ፣ ሰባተኛውንና የመጨረሻውን ዋንጫ በ30 ዓመቱ አነሳ። ሮኒ ኦሱሊቫን ሰባተኛውን ያነሳው በ2022፣ በ46 ዓመቱ ነው። አንዱ ቶሎ ጨረሰ፣ ሌላው ዘገየ፤ ቁጥሩ ግን እኩል ነው።

ስኑከር ላይ ባላጋራህ ሲጫወት ወንበርህ ላይ ቁጭ ብለህ ከማየት ሌላ ምንም ማድረግ አትችልም። የእኛም ብዙ ዓመት እንዲሁ አልፏል፤ ወረቀት ስንጠብቅ፣ ቤተሰብ ስንረዳ፣ ልጅ ስናሳድግ። ይህ ስንፍና አይደለም፣ ተራችን ስላልነበረ ነው። ስንፍና የሚሆነው ተራ ደርሶ አለመነሳት ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ያቺን መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጣችኋትን የትምህርት ቤት ፎርም አውጥታችሁ ሙሏት። ዋንጫው ላይመጣ ይችላል። ግን ሳይጫወቱ ከመሸነፍ እንደ ጂሚ ስድስት ጊዜ መሸነፍ ይሻላል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?