ርእሰ አንቀጽ፦ ቅጠሉ ተለካ፤ ውጤቱስ ለማን ደረሰ?

ሳማና አሉማ፣ ዶቅማና እሸ፣ ዋንዛና ሾላ ማንም ሳይዘራቸው የሚበቅሉ የወገናችን ምግቦች ናቸው። የጠገበ ሰው «የእረኛ ቀለብ» ብሎ ቢያልፋቸውም፣ እንደ 1977 ዓ.ም. ባለ ክፉ ቀን የዱር ቅጠልና ፍሬ ነፍስ ማቆየቱን ወላጆቻችን አይዘነጉትም።

ዛሬ ግን የሚለቀመው ከጥንቱ ዱር ብቻ አይደለም። ከተማው ድልድዩን ተሻግሮ ዓባይ ማዶን ሞልቷል፤ አሉማውም ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቦይ አፍና በጋራዥ ጀርባ ይበቅላል። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች እርሳስ የተቀላቀለበት ቤንዚን እ.ኤ.አ. በ2006 ቢቀርም፣ እርሳስ በንኖ የሚጠፋ ነገር አይደለምና በመንገድ ዳር አፈር ውስጥ ይቆያል። አሮጌ ባትሪ የሚፈታበትና ቆዳ በክሮም ጨው የሚለፋበት ስፍራም የየራሱን ይጨምራል። እንዲህ ካለው አፈር የበቀለ ቅጠል፣ ለደም የሚበጀውን ብረት የሕፃን አእምሮ ጠላት ከሆነው እርሳስ ጋር አንድ ላይ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ዐይንም ምላስም አይለየውም።

የሚለየው መለኪያ ነው። ቅጠሉ ደርቆ ይፈጫል፣ በናይትሪክ አሲድ ይፈላል፤ የጠራው ፈሳሽ አቶሚክ አብዞርፕሽን በሚባለው መሣሪያ ነበልባል ውስጥ ሲያልፍ እያንዳንዱ ማዕድን የራሱን ብርሃን መርጦ ይውጣል፤ መጠኑም ከተዋጠው ብርሃን ይታወቃል። ይህን የኬሚስትሪ ጓደኞቻችን ያውቁታል። ችግሩ የሚጀምረው ከቁጥሩ በኋላ ነው።

ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ለቅጠላ ቅጠል የፈቀደው እርሳስ በኪሎ 0.3 ሚሊግራም ነው፤ ያውም ቅጠሉ በእርጥቡ ሲመዘን። ላቦራቶሪ ውስጥ የሚለካው ግን ደረቅ ዱቄት ነው። ከመቶው 85 እጅ ውሃ በሆነ ቅጠል፣ በደረቁ 2 ሚሊግራም የተገኘው በእርጥቡ 0.3 ብቻ ይሆናል። ይህን ሳያሰላ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አቁሞ «ከደረጃው ከስድስት እጥፍ በላይ!» የሚል ተመራቂ ድኻዋን እናት በከንቱ ያስደነግጣል።

የተገላቢጦሹም አለ። የጤፍ ብረት ብዛት ለብዙ ዘመን ሲያነጋግር ኖሮ፣ ከፊሉ በአውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ የተጣበቀ አፈር መሆኑ ታውቋል። ያልታጠበ አሉማም እንዲሁ በብረት «ሊበለጽግ» ነው! ካልሲየሙም ቢሆን ኦክሳሌት ከያዘው አንጀት አይቀበለውም። ስለዚህ ቅጠሉ ባለቤቲቱ እንደምታጥበው ታጥቦ፣ እንደምታበስለውም በስሎ ይለካ፤ የተለቀመበት ቦታና ወርም ይጻፍ።

ከሁሉ የሚከነክነን ግን ሌላ ነው። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ ይጠረዛል፣ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ ከጓሮዋ ናሙና የሰጠችው ሴት ውጤቱን ሳትሰማ ያንኑ ቅጠል ትቀቅላለች። ይህ ከሕዝብ ተበድሮ አለመመለስ ነው።

ኅብረታችን የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። ከዓባይ ማዶ እስከ ዘንዘልማ በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ ለማነጻጸሪያም ከከተማው ራቅ ካለ የጣና ዳርቻ ናሙና ይሰብሰብ። ውጤቱ በአንድ ገጽ አማርኛ ተጽፎ ለቀበሌዎችና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይድረስ፤ ከየት መልቀም እንደሚቻልና ከየት እንደማይቻል በግልጽ ይናገር። ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥቶ ናሙና የሚለቅም ተማሪ እኛ እናቀርባለን። ፈቃደኞች በዚህ ሳምንት ስማችሁን ለኅብረቱ ጸሐፊ አስመዝግቡ።