ሳይጠሩት አቤት የሚል ህዋስ

ቡናማ ነጠብጣብ የወጣበትን ቆዳ ሐኪሙ በደንዳና ነገር ፈተግ ፈተግ ያደርገዋል። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ቦታው ያብጣል፣ ያሳክካል። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ እብጠቱ ግን በጣት ይዳሰሳል። የቆዳ ሐኪሞች የዳሪየር ምልክት ይሉታል። ማስቶሳይቶሲስ የተባለውን፣ እምብዛም የማያጋጥም በሽታ ያስጠረጥራል።

የበሽታው ባለቤቶች ማስት ሴሎች ናቸው። ከአጥንት መቅኔ ተነስተው በቆዳ፣ በአንጀትና በአየር ቧንቧ የሚሰፍሩ የመከላከያ ህዋሳት ሲሆኑ፣ ውስጣቸው ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎች በያዙ ቅንጣቶች የታጨቀ ነው። ያለ ልክ ሲበዙና ያንን ሁሉ ሲዘረግፉት አንዲት ንብ ነድፋው ራሱን ስቶ የሚወድቅ ሰው አለ።

ነጠብጣቡ በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የተጻፈው በ1869 ነው፤ ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ እየቆጠርኩ ነው። መነሻው የታወቀው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1990ዎቹ ነው። ኪት የሚባል ጂን አለ። ይህ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን በህዋሱ ገጽ ላይ ተቀምጦ «ተባዛ» የሚል ኬሚካላዊ መልእክት ይጠብቃል። ከጂኑ ፊደላት አንዷ ስትለወጥ በፕሮቲኑ 816ኛ ቦታ ላይ አስፓርቲክ አሲድ ይወጣና ቫሊን ይተካል። ከዚያ ወዲህ ፕሮቲኑ መልእክት አይጠብቅም፤ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይሆናል። ለውጡ አብዛኛውን ጊዜ ከእናት ካባት የሚወረስ ሳይሆን በሕይወት መካከል በመቅኔ ህዋስ ላይ የሚደርስ ነው። በሽታው ከቆዳ አልፎ መቅኔያቸውን ከያዘው አዋቂዎች በአብዛኞቹ ላይ ይገኛል።

«ለጥቂት ሕመምተኛ ይሄ ሁሉ ድካም?» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ኢማቲኒብን እንውሰድ። በ2001 ለአንድ የደም ካንሰር ዓይነት የተፈቀደው ይህ መድኃኒት ኪትንም ያስቆማል፤ ነገር ግን የሚይዘው ፕሮቲኑ ሲያርፍ በሚኖረው ቅርጽ ነው። የ816ኛው ለውጥ ያለበት ደግሞ አያርፍም። ስለዚህ የፊደሏን ቦታ ሳያውቅ መድኃኒቱን ያዘዘ ሐኪም ሕመምተኛውን በከንቱ ያመላልሳል። ተመራማሪዎች የነቃውን ቅርጽ የሚይዝ መድኃኒት ፍለጋ የወጡት ይህን ስላወቁ ነው። አቫፕሪቲኒብ አሜሪካ ውስጥ በ2021 ለከባዱ፣ በ2023 ደግሞ አዝጋሚ ለሆነው የበሽታው ዓይነት ተፈቀደ።

ሌላም ትርፍ አለ። ማስት ሴሎች የሚለቁት ትሪፕቴዝ የተባለ ኢንዛይም በደም ሲበዛ ማስቶሳይቶሲስ ይጠረጠራል። አሜሪካ ውስጥ ኢንዛይሙ በዘር ከፍ ያለባቸውን ቤተሰቦች ሲያጠኑ የነበሩ ሰዎች በ2016 ምክንያቱን አገኙ፤ የዚሁ ኢንዛይም ጂን ትርፍ ቅጂ ይወርሳሉ። ነገሩ ብርቅ ሆኖ አልተገኘም። በምዕራቡ ዓለም ከ100 ሰው 5 ያህሉ አለበት፤ ብዙዎቹም ምንም አያማቸው። በብርቁ በሽታ ዙሪያ የተጀመረው ምርመራ ሚሊዮኖች የሚጋሩትን ነገር ገለጠ።

እርግጥ ፊደሏ ሁሉንም አትፈታም። ያው ለውጥ ያላቸው ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በማሳከክ ብቻ ሲኖር ሌላው መቅኔውና ጉበቱ ይጠቃል። በከባዱ ዓይነት ሌሎች ጂኖችም ተለውጠው ይገኛሉ፤ ይህ ጥቂቱን ያስረዳል። እኔን ይበልጥ የሚገርሙኝ ሕጻናቱ ናቸው። በ2010 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት የ50 ሕጻናትን ቆዳ መርምሮ በአብዛኞቹ ላይ ኪት ተለውጦ አገኘው። ሆኖም ብዙ ልጆች ለአቅመ አዳምና ሔዋን እስኪደርሱ ነጠብጣቡ እየደበዘዘ ይጠፋላቸዋል። የምርምር ገንዘብ የማደል ሥልጣን ቢኖረኝ፣ ከአዲስ ክኒን በፊት የእነዚህ ልጆች አካል ያን ፕሮቲን እንዴት ዝም እንዳሰኘው ለሚያጠና ሰው እሰጠው ነበር።