የጭብጦዋ ፍርድ

አራዳ ምድብ ችሎት በዜና ስሙ የሚነሳው የታወቀ ሰው ሲቀርብበት ነው። በ2006 ዓ.ም. የዞን ዘጠኝ ጦማርያን በጊዜ ቀጠሮ ሲመላለሱበት ብዙ ዓይን አርፎበት ነበር። ከዚያ ወዲህም የብዙ ጋዜጠኛና ፖለቲከኛ ስም ከዚህ ችሎት ጋር ተነሥቷል። የታወቀ ሰው በማይቀርብበት ጠዋትስ? ካሜራ የለም፤ ችሎቱ ግን ይሰየማል።

ያንን ጠዋት ጀማሪ ጠበቃ ያውቀዋል። አስቡት፤ ፈቃድ ካወጣ ዓመት ያልሞላው ልጅ ፒያሳ ማኪያቶውን ጠጥቶ፣ ፋይሉን በብብቱ ሸጉጦ ይገባል። የደንበኛው ጉዳይ እስኪጠራ ከኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ወንበር የሚያየው ነገር ዩኒቨርሲቲ ከተማረው ሁሉ በላይ አይረሳውም።

መጀመሪያ የሚያስደነግጠው ፍጥነቱ ነው። በስልክ ስርቆት የተጠረጠረ የቀን ሠራተኛ ይቆማል። መርማሪው «የምስክር ቃል መቀበል ስለሚቀረን ተጨማሪ 14 ቀን ይፈቀድልን» ይላል። ዳኛው «የምትለው አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጁ መሬት መሬት እያየ «የለኝም» ይላል። ተፈቀደ፤ ቀጣዩ ይጠራል። የሚለው ነገር ጠፍቶት አይደለም። ምን ማለት እንደሚችል የነገረው ሰው የለም።

ሁለተኛው የሚያስገርመው ጥያቄ ያለው ጉልበት ነው። ጠበቃው አንድ ቀን ችሎቱን አስፈቅዶ ለማያውቀው ሰው ይቆምና «ባለፈው 14 ቀን የስንት ምስክር ቃል ተቀበላችሁ?» ይላል። መርማሪው ፋይሉን ያገላብጣል። ዳኛው ቀና ይላሉ። አንዳንዴ ቀጠሮው ያጥራል፤ አንዳንዴም ዋስትና ይፈቀዳል። ረቂቅ የሕግ ክርክር አላስፈለገም፤ የሚጠይቅ ሰው መኖሩ ብቻ በቃ።

ሦስተኛው ከችሎቱ ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ ይጠብቀዋል። ስንቅ የያዙ እናት ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ወረቀት ፈትተው «እስቲ እየኝ የኔ ልጅ፣ ስንት ቀጡት?» ይሉታል። ወረቀቱ የቅጣት ሳይሆን የዋስትና ትእዛዝ ነው። «እማማ፣ ይሄ ቅጣት አይደለም። ልጅዎ በቀጠሮው ቀን ከቀረበ ጉዳዩ ሲያልቅ ገንዘቡ ይመለሳል። ከአቅም በላይ ከሆነም እንዲቀነስ ማመልከት ይቻላል» ሲላቸው እያዩት ዝም ይላሉ። ይህን የነገራቸው ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ ጥፋቱን በአንድ ዳኛ ወይም በአንድ ፖሊስ ላይ መለጠፍ ይቀላል። መርማሪ ጊዜ የሚያስፈልገው እውነተኛ ምክንያት አለ፤ ዳኛውም የሚጠብቀው ፋይል ብዙ ነው። ችግሩ ከዚያ ይሰፋል።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ የዋስትና መብትም ይሰጠዋል። መንግሥት ለድኻ ጠበቃ የሚያቆምበት መብት የተጻፈው ግን በአንቀጽ 20፣ በተከሰሱ ሰዎች መብት ሥር ነው። ክስ ከመመሥረቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ምስኪኑ ብቻውን ይቆማል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግም አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ሲገድብ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ አልገደበም።

በዚህ ላይ ሰፈሩ ተቀይሯል። ዋስ ጥራ ሲባል ሰው የሚሮጠው ወደ ጎረቤቱ፣ ወደ ዕድርተኛው ነበር። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ መንደሮች ሲፈርሱ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ተበተነ። ቤቱ ሲፈርስ የሚያውቅህ፣ «እኔ እዋሰዋለሁ» የሚልህ ሰውም አብሮ ራቀ። ለድኻ ይህ ከግድግዳው መፍረስ አያንስም።

መፍትሔው አዲስ ተቋም አይጠይቅም። በፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት አለ። በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የተቋቋመ የፌደራል ጠበቆች ማኅበርም አለ። ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል በ1992 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ደንግጎ ነበር፤ ሐሳቡ ለሙያው እንግዳ አይደለም። ከነጻ አገልግሎቱ ጥቂቱ በተራ፣ በየጠዋቱ፣ የጊዜ ቀጠሮ በሚታይበት ችሎት ቢውል ምን ይጎድላል? አንድ ወንበር፣ አንድ ጠበቃ፣ አንድ ጥያቄ።

አባቶች «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይሉ ነበር። እኛ የበቅሎውን ችሎት እንከታተላለን። ጭብጦዋ ግን በየጠዋቱ አራዳ ላይ፣ «የምትለው አለ?» ሲባል «የለኝም» በምትል አንዲት ቃል ትሄዳለች።